ልብ ማለትን ለሕፃናት ማስተማር፦ የትንፋሽ ልምምድና የሳሙኤል ጥሪ

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚገኙ የአማርኛ ተናጋሪ አብያተ ክርስቲያናትን የሚያገለግሉ መጋቢዎች ከወጣት ወላጆች የሚቀርብላቸው አንድ ጥያቄ አለ። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመለስ፣ «እማዬ፣ ዛሬ አሻንጉሊቴን ሆዴ ላይ አስተኝቼ ትንፋሼ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው አየሁ» ይላል። እናቱ ትምህርት ቤቱ የላከውን ወረቀት ስታነብ «ማይንድፉልነስ» የሚል ቃል ታገኛለች። ቃሉን ኢንተርኔት ላይ ስትፈልገው ስለ ቡድሂዝም የሚያወራ ጽሑፍ ይመጣባታል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ መጋቢውን ጠብቃ፣ «ፓስተር፣ ልጄን ከዚህ ነገር ላስወጣው ወይስ ምንም አይደለም?» ትላለች።

አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ታገኛለች። አንዱ አገልጋይ፣ «አእምሮን ባዶ ማድረግ ለአጋንንት በር መክፈት ነው፤ ዛሬውኑ አስወጪው» ይላታል። ሌላው፣ «ትንፋሽ ነው እኮ፤ ምን ክፋት አለው?» ብሎ ይሸኛታል። ሁለቱም መልሶች የተሰጡት ነገሩ ሳይመረመር ነው። በአገር ቤት የምናገለግለውም ብንሆን ጥያቄው አይቀርልንም፤ ልጆችን ለማረጋጋትና ለማስተኛት የተዘጋጁ የስልክ መተግበሪያዎችና ቪዲዮዎች ይህንኑ ልምምድ ይዘው ስልክ ባለበት ቤት ሁሉ ሊገቡ ይችላሉ።

በዚህ ጽሑፍ ማይንድፉልነስን «ልብ ማለት» እለዋለሁ። «ጥሞና» እንዳልለው፣ ጥሞና በእኛ ዘንድ ከቃሉና ከጸሎት ጋር የምናሳልፈው ጊዜ ስም ሆኗል። «ተመስጦ» ደግሞ ከራስ መውጣትን ያመለክታል፤ ልምምዱ ግን የሚጠይቀው በተቃራኒው እዚሁ መገኘትን ነው። «ልብ በል» የሚለውን ግን እናቶቻችን መንገድ ስንሻገርም፣ ወተት ይዘን ስንሄድም ሲሉን ያደግንበት ስለሆነ ለሕፃን ልጅ እንግዳ አይሆንም።

በክፍል ውስጥ የሚደረገው

ለትናንሽ ልጆች የሚዘጋጀው ትምህርት ከአዋቂዎቹ በጣም ያጠረ ነው። ልጆቹ በጀርባቸው ይተኙና ሆዳቸው ላይ በተቀመጠው አሻንጉሊት አማካይነት ትንፋሻቸውን ይከታተላሉ። ደወል ይመታና ድምፁ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ እጃቸውን ያነሣሉ። አንዲት ዘቢብ ይሰጣቸውና ወዲያው ሳይውጧት ያይዋታል፣ ያሸቷታል፣ ቀስ ብለው ያኝኳታል። የሚያብረቀርቅ ብናኝ የገባበት የውሃ ማሰሮ ይናወጥና ብናኙ እስኪሰክን ይጠብቃሉ፤ መምህርቷም፣ «ስንናደድ ውስጣችን እንዲህ ይሆናል፤ ትንሽ ብንጠብቅ ይሰክናል» ትላቸዋለች።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የሚከብድ ነገር የለም። ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማውጣት የልብ ምትን ዝግ ያደርጋል፤ ሰውነት ከድንጋጤ ወደ ዕረፍት ይመለሳል። እግዚአብሔር ሰውን የሠራው እንዲህ አድርጎ ነው። አማኝ ሕፃንም ሆነ ከማያምን ቤት የመጣ ሕፃን በዚህ ይረጋጋል፤ የነገረ መለኮት ሰዎች የጋራ ጸጋ ከሚሉት ውስጥ ነው።

ከየት መጣ?

ቃሉ የቡድሂስት መጻሕፍት ከተጻፉበት ከፓሊ ቋንቋ «ሳቲ» ከሚለው የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ራይስ ዴቪድስ እ.ኤ.አ. በ1881 ማይንድፉልነስ በሚለው ቃል ተረጎመው። የሳቲ ሥረ መሠረት ማስታወስ ነው፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ። ቬትናማዊው መነኩሴ ቲክ ናት ሃን እ.ኤ.አ. በ1982 በፈረንሳይ በመሠረተው ማኅበር ልምምዱን ለሕፃናት በሚሆን መልክ አስተምሯል። ከሚታወቁት አንዱ በአራት ጠጠሮች የሚደረገው ነው፤ ልጁ አንዱን ጠጠር ይዞ ራሱን እንደ አበባ፣ ሌላውን ይዞ እንደ ተራራ፣ ከዚያም እንደ ጸጥ ያለ ውሃና እንደ ሰፊ ባዶ ስፍራ አድርጎ ያስባል።

በትምህርት ቤቶችና በሆስፒታሎች የተስፋፋው ግን በአሜሪካዊው ጆን ካባት ዚን በኩል የመጣው መልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር በሰደደ ሕመም ለሚሠቃዩ ሰዎች ኮርስ ጀመረ። እርሱ ልብ ማለትን የሚገልጸው፣ ሆን ብሎ፣ አሁን ላይ ሆኖ፣ ያለ ፍርድ ትኩረት መስጠት አድርጎ ነው። ካባት ዚን ራሱ የዜን ተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው መጣጥፍ፣ ትምህርቱ ቡድሂስታዊ ተብሎ እንዳይታለፍ ከመጀመሪያው ለቃላት አመራረጡ ይጠነቀቅ እንደነበረ፣ ይዘቱ ግን ከዚያ ምንጭ እንደተቀዳ በግልጽ ጽፏል። ስለዚህ «ከሃይማኖት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም» የሚለው የትምህርት ቤት ወረቀት እውነቱን በሙሉ አልተናገረም። ከማን እንደመጣ ማወቅ ግን ምን እንደሆነ ማወቅ ማለት አይደለም። የቀን መቁጠሪያችን የወራትና የዕለታት ስሞች ከየት እንደመጡ ብንመረምር ብዙ የምንተወው ነገር በተገኘ ነበር።

ጥናቶቹስ?

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ 68 የቅድመ መደበኛ ሕፃናትን ያሳተፈ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ለ12 ሳምንት ልብ ማለትንና ደግነትን በአንድነት የተማሩት ልጆች፣ መምህራኖቻቸው በሰጡት ምዘና፣ ከሌሎች ጋር በመግባባት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ባልተማሩት ላይ ደግሞ ለራስ ብቻ የማስቀረት ዝንባሌ እየጨመረ ሄዷል። ውጤቱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ልጆቹ ጥቂት ናቸው፣ ትንፋሹና የደግነት ትምህርቱም አብረው ስለተሰጡ ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ መለየት አይቻልም። በብሪታንያ በ85 ትምህርት ቤቶች ከ8,000 በላይ ታዳጊዎችን ያካተተውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው ትልቅ ጥናት ደግሞ፣ ልምምዱ ትምህርት ቤቶቹ ቀድሞውኑ ይሰጡት ከነበረው የማኅበራዊና የስሜት ትምህርት የተሻለ መሆኑን አላሳየም። እነዚያ ታዳጊዎች እንጂ ሕፃናት አይደሉም። ያም ሆኖ፣ ተአምር ነው የሚልም መርዝ ነው የሚልም ሰው ከጥናቶቹ ድጋፍ አያገኝም።

ባዶው ቤት

«አእምሮን ባዶ ማድረግ» የሚለው ተቃውሞ ብዙውን ጊዜ ማቴዎስ 12፥43–45ን ይጠቅሳል፤ ርኩስ መንፈስ ወጥቶ ሲመለስ ቤቱን ባዶ ሆኖ፣ ተጠርጎና አጊጦ ያገኘዋል። ክፍሉን እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ግን ጌታ ምሳሌውን የሚያሳርፈው ምልክት እያየ ባላመነው በዚያ ትውልድ ላይ መሆኑን ያያል። ስለ ትኩረት ልምምድ የሚናገር ጥቅስ አይደለም። ደግሞም ልምምዱ አእምሮን ባዶ አያደርግም፤ ልጁ የሚታዘዘው አንድ ነገርን፣ ትንፋሹን ወይም የደወሉን ድምፅ፣ አጥብቆ እንዲከታተል ነው። የሌለ ነገር ብንቃወም፣ የእንግሊዝኛውን ወረቀት አንብባ የመጣችው እናት ፓስተሯ ነገሩን እንደማያውቀው ወዲያው ትረዳለች።

ጌታችን ራሱ ለሚጨነቁ ሰዎች የሰጠው ትእዛዝ ከዚህ ልምምድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ። በማቴዎስ 6፥28 ስለ ሜዳ አበቦች ሲናገር የተጠቀሰው የግሪክ ግስ ካታማንታኖ ነው፤ በአዲስ ኪዳን ሌላ ቦታ አይገኝም። ትርጉሙ አንድን ነገር እስኪማሩት ድረስ አትኩሮ ማየት ነው። ስለ ነገ የሚጨነቀውን ሰው ዛሬ ወዳለው አበባ ይመልሰዋል። ልዩነቱ፣ አበባውን ካሳየ በኋላ የሚያለብሰውን አባት መጥራቱ ነው።

ሳሙኤልና ዔሊ

እኔ ነገሩን በተሻለ ያበራልኛል የምለው ክፍል 1ሳሙኤል 3 ነው። ሳሙኤል ጡት እንደጣለ በእናቱ በሐና እጅ ወደ ሴሎ መጣ (1፥24)። በምዕራፍ 3 ስንት ዓመቱ እንደሆነ መጽሐፉ አይናገርም፤ አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ 12 ዓመት ይለዋል። ስለዚህ የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ አይደለም፤ ነገር ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በመቅደሱ ጸጥታ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው።

የዚያን ሌሊት ሁኔታ አስተውሉ። የእግዚአብሔር መብራት ገና አልጠፋም፤ የዔሊ ዓይኖች ፈዝዘዋል፤ በዚያ ዘመን የእግዚአብሔር ቃል ብርቅ ነበር። ልጁ ተኝቷል። ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው ይነሣል፤ ሮጦ ዔሊ ዘንድ ይደርሳል። አልጠራሁህም ይባላል። ይመለሳል። ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲሁ።

ማንኛውም የልብ ማለት መምህር ሳሙኤልን ቢያይ ይደነቅበታል። በሌሊት የተሰማን ድምፅ ያልሳተ፣ ሦስቴ ተነሥቶ ያልተሰላቸ፣ ያልተቆጣ ልጅ ነው፤ ትኩረቱ ምንም አይወጣለትም። ጸሐፊው ግን በቁጥር 7 ቆም ብሎ፣ ልጁ ገና እግዚአብሔርን እንደማያውቅና ቃሉም ገና እንዳልተገለጠለት ይነግረናል። የጎደለው ትኩረት አልነበረም። የሚጠራው ማን እንደሆነ አላወቀም ነበር። ይህንንም በትኩረት ብዛት ሊደርስበት አልቻለም፤ አራተኛና አምስተኛ ጊዜ ቢጠራም ወደ ዔሊ መሮጡን በቀጠለ ነበር።

የሚነግረው ሰው ያስፈልገው ነበር። የነገረው ደግሞ በቤቱ ጉዳይ የወደቀ፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ነው። ይህ ለእኛ ለአስተማሪዎች ትልቅ መጽናኛ ነው። ዔሊ ሲነግረውም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያስያዘው፤ ጌታ ሆይ ተናገር ብሎ እንዲመልስ። እግዚአብሔር ምን እንደሚል አልነገረውም። ወደ መኝታው መልሶ ሰደደውና ራቀለት።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ብዙ ጊዜ በሕፃናት ክፍል አንተርከውም፤ ሥዕሉ ላይም የለም። ሳሙኤል የሰማው በዔሊ ቤት ላይ የሚመጣ ፍርድ ነው። እስኪነጋ ተኛ፤ በሮቹን ከፈተ፤ ለዔሊም ለመንገር ፈራ (3፥15)። ጸጥ ብሎ ማዳመጡ አላረጋጋውም። ትምህርት ቤቱ የዝምታን ጥቅም የሚለካው ልጁ ምን ያህል እንደተረጋጋ በማየት ነው፤ ለትምህርት ቤት ይህ ተገቢ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ዝምታን ለልጆች ስታስተምር ግቧ እነርሱን ማረጋጋት ብቻ ከሆነ፣ ሳሙኤል ተሳስቷል ማለቷ ነው።

ያለ ፍርድ መመልከት

የልብ ማለት ትምህርት ለልጆች፣ «ሐሳብህ እንደ ደመና ነው፤ መጥቶ ይሄዳል፤ አትፍረድበት» ይላል። ለአራት ዓመት ልጅ በዚህ ውስጥ ጥበብ አለ። «ተናድጃለሁ» ብሎ ለመናገር የቻለ ልጅ ከመማታት የመታቀብ ዕድል አለው፤ እኛም ልጆችን «አትናደድ፣ ኃጢአት ነው» ብለን ስሜታቸውን ከመደበቅ በቀር ሌላ መንገድ ያላስተማርናቸው ጊዜ ብዙ ነው። መዝሙረኛው ግን ከዚህ አንድ እርምጃ ይሄዳል። በመዝሙር 42 ነፍሱ ስትታወክ እንደ ደመና እያየ አያሳልፋትም፤ ስለ ምን እንደምታዝን ይጠይቃታል፣ በእግዚአብሔር እንድትታመን ያዝዛታል። ያነጋግራታል። ይህን የስድስት ዓመት ልጅ ሊማረው ይችላል።

መዝሙር 131 ደግሞ ለርእሳችን የተጻፈ ይመስላል። ዳዊት የነፍሱን ጸጥታ የሚመስለው ጡት ከጣለ ሕፃን ጋር ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ በእናቱ ደረት ላይ ሲሆን ይፈልጋል፣ ይንጫጫል። ጡት የጣለው ግን ወተት ሳይፈልግ ይጠጋታል፤ እርሷ ስላለች ብቻ ጸጥ ይላል። እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱስ ለአዋቂው የጸጥታ አብነት አድርጎ ያቀረበው ሕፃንን ነው። የጸጥታውም ምክንያት ሌላ አካል አጠገቡ መኖሩ ነው። በአራቱ ጠጠሮች ልምምድ ልጁ ራሱን እንደ ተራራ አድርጎ ያስባል፤ በመዝሙር 121 ግን ወደ ተራሮች ያየው ሰው ረድኤቱ ተራራውንም ከሠራው እንደሚመጣ ይናገራል። ወላጅ ልዩነቱን በአንድ ደቂቃ ሊያስረዳ ይችላል።

የማስታወስን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ሳቲ ሥረ መሠረቱ ማስታወስ ሆኖ ሳለ፣ ዘመናዊው ትምህርት ግን «አሁን»ን ብቻ አስቀርቶለታል። ዘዳግም 6፥20 ላይ ልጁ ይህ ሥርዓት ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ አባቱ የሚመልስለት ከግብፅ የመውጣትን ታሪክ በመተረክ ነው። ዛሬን ልብ የሚለው ትናንት የተደረገለትን እያሰበ ነው።

በእኛ የሕፃናት ክፍል

በብዙ ሰንበት ትምህርት ክፍሎቻችን ዝምታ የሚታወቀው በአንድ መልኩ ነው፤ «ዝም በሉ!» ዝምታ ቅጣት ነው፣ ወይም አዋቂዎች እንዳይረበሹ የሚከፈል ዋጋ ነው። ልጆቻችን ጮክ ብሎ መጸለይንና መዘመርን ከእኛ ይማራሉ፤ ይህም መልካም ነው። ጸጥታን እንደ ስጦታ የሚያገኙበት ቦታ ግን ትምህርት ቤቱ ብቻ ከሆነ፣ ትርጓሜውንም ከዚያው መውሰዳቸው አይቀርም።

ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉት አንድ ደቂቃ ይበቃል። በመስከረም አንዲት መምህርት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ አደይ አበባ ልትሰጥና ሳይናገሩ እንዲያዩት ልታደርግ ትችላለች፤ ከዚያ ማቴዎስ 6ን ታነብላቸዋለች። በክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ማዳመጥ ይቻላል፤ ደወል መግዛት አያስፈልግም። ቀጥሎ አንድ አጭር የመዝሙር ሐረግ በሹክሹክታ ይደጋግማሉ። በመዝሙር 1፥2 ለማሰላሰል የገባው የዕብራይስጥ ግስ ሃጋ ድምፅ ያለበት ቃል ነው፤ በኢሳይያስ 31፥4 ለአንበሳ ማጉረምረም፣ በ38፥14 ለርግብ ማልቀስ ውሏል። ለሕፃን የሚመቸው ማሰላሰል እንዲህ በአፍ የሚደረገው ነው። በየኔታ እግር ሥር ዳዊት የደገሙ የአገራችን ልጆች ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉኝ። የመጀመሪያው፣ ልጆችን ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ አናስገድድ። ከጦርነት የተፈናቀሉ፣ ወላጅ ያጡ ወይም በቤታቸው የተጎዱ ልጆች በክፍላችን አሉ። ለእንዲህ ያለ ልጅ ጨለማና ዝምታ የሚያስፈራው ነገር የሚመለስበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ዓይኑን ገልጦ፣ ከፈለገ የመምህርቷን እጅ ይዞ፣ አበባውን ይይ። ከታወከ ልምምዱ ይቁም።

ሁለተኛው ከእኛው መንፈሳዊ ባህል ጋር የተያያዘ ነው። ከዝምታው በኋላ፣ «ጌታ ምን ነገራችሁ?» ብለን አንጠይቅ። የአምስት ዓመት ልጅ መምህሩን ማስደሰት ይፈልጋል፤ መልስ ይፈጥራል። አንዱ ራእይ አየሁ ሲል ሌላውም ያያል፤ ያላየው ልጅ ደግሞ እግዚአብሔር እንደናቀው ያስባል። ዔሊ እንዲህ አላደረገም። «ምን አያችሁ? ምን ሰማችሁ?» ብለን ብንጠይቅ «ዝናብ» ይሉናል፤ ዝናቡንም ማን እንደሚያዘንበው እንነግራቸዋለን።

ለእናቲቱ

ወደዚያች እናት ጥያቄ ስንመለስ፣ መጋቢው መጀመሪያ ሄዳ እንድታይ ቢመክራት መልካም ነው። ለመምህርቷ የምታቀርባቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፤ ልጆቹ ምን ያደርጋሉ? ሲያደርጉ የሚባሉት ቃላት ምንድን ናቸው? የማይፈልግ ልጅ በዚያ ሰዓት ምን ይሠራል? ትንፋሽ መከታተልና ድምፅ ማዳመጥ ብቻ ከሆነ ልጇን የምታስወጣበት ምክንያት አይታየኝም። የተቀደሰ ቃል መደጋገም፣ ለምስል መስገድ፣ ወይም ስለ ነፍስና ስለ ዓለም የሚያስተምር አባባል ካለበት ግን ልጇ እንዲቀር መጠየቅ ትችላለች፤ መጠየቅም አለባት።

ክስ የመጀመሪያው መንገድ አይሁን። በካሊፎርኒያ በኤንሲኒታስ ከተማ የዮጋን ትምህርት የተቃወሙ ክርስቲያን ወላጆች ወደ ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት፣ በ2015 ይግባኝ ሰሚው፣ በትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ትምህርት ሃይማኖትን ማስፋፋት አይደለም ብለው ወስነዋል። ጉዳዩ ስለ ዮጋ ቢሆንም የፍርድ ቤቶቹን አቅጣጫ ያሳያል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለልጁ የሚጠራውን ጌታ ስም እንዲነግረው መጠበቅም አንችልም፤ ያ የዔሊ ሥራ ነው፤ የወላጅና የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ነው።

ማታ ልጁ አሻንጉሊቱን ሆዱ ላይ አድርጎ ሲተኛ እናቱ አትከልክለው። አጠገቡ ተቀምጣ፣ ትንፋሹን በአፍንጫው እፍ ያለበት ማን እንደሆነ የዘፍጥረት 2፥7ን ታሪክ ትንገረው፤ አብረውም ያመስግኑ። ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጻፍ ካስፈለገ ደግሞ መጋቢው አብሯት ይጻፍ። አንዳንዷ እናት የምትፈራው ቋንቋውን ነው፤ አንዳንዷ ግን ቋንቋውን ብታውቅም መምህርቷ ልጇን በሌላ ዓይን እንዳታየው ትሰጋለች፤ ስለዚህ ወደ ቀጠሮው አብሯት የሚሄድ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እኅት ቢመደብላት ይረዳታል።